በሁሉ የተበለጠ ሰው ምን ይዞ ገበያ ይወጣል?

(ስለ ንግድ ጥቅምና ስለ አንጻራዊ ብልጫ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም ከየት እንደ መጣ ብዙ ሰው ያውቃል፤ የማያውቅም አይጠፋም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ለሲቪል ሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበረው። የድርጅቱ ስም በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ ቤቶች ደግሞ በኢጣሊያንኛ ካዜ ናቸው። ካዜ ኢንቺስ የተባለው በአዲስ አበባ ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ ስሙ ቀረ። ስለዚህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ሰፈር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ለዛሬው ንግግሬ ይህን ሰፈር መነሻ ያደረግሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ጤፍ አይዘራም፣ ሸማ አይሸምንም፣ ጫማ አይሰፋም። በአንድ ሥራ ላይ ተቀምጦ ለኑሮው የሚያስፈልገውን የቀረውን ሁሉ በደመወዙ ከሌላው ይገዛል። እንግዲያስ የንግድን ጥቅም ከማንም ይልቅ በራሱ ኑሮ የሚያውቀው እርሱ ነው። ዳሩ ግን ስለ ቀረጥ ወይም ስለ ውጭ ንግድ ደብዳቤ ለማርቀቅ ቢሮው ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ ይህን ዕውቀቱን ከደጅ ትቶት ይገባል።

በየስብሰባው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሁሉን ዕቃ ከእኛ በተሻለ ብልኃትና በረከሰ ዋጋ የሚሠራ አገር ባለበት ዓለም፣ እኛ ምን ሸጠን ነው የምንነግደው?» የሚል ነው። ጥያቄውን የሚያነሡት አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዱ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ደግሞ በሩን ዘግተን ሁሉን ራሳችን እንሥራ ይላል። ሁለቱ ወገኖች ሳያስተውሉት በአንድ ሐሳብ ይስማማሉ፤ እርሱም ንግድ የሚጠቅመው በላጩን ብቻ ነው የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ ስሕተት እንደ ሆነ ማንም ሰው በጣቱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የካዛንቺስ አሮጌ መንደር አብዛኛው በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከመፍረሱ በፊት፣ በአንድ ግቢ አምስትና ስድስት ቤተሰብ ተጠጋግቶ ይኖር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከነዚያ ግቢዎች በአንዱ ሁለት ሴቶች በጉርብትና ይኖሩ ነበር እንበል። አንደኛዋ በባልትናቸው ስም ያተረፉ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁለተኛዋ ገና ጎጆ የወጣች ልጅ ናት። ትልቋ ሴት ቀኑን ሙሉ እንጀራ ቢጋግሩ 120 ያወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ በርበሬ ቢቀነጥሱና ቢደልዙ 12 ኪሎ ያደርሳሉ። ልጂቱ ቀኑን ሙሉ ብትጋግር 80 እንጀራ ታወጣለች፤ በርበሬ ብትይዝ ግን ከ4 ኪሎ አታልፍም። ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ባለሞያ ሴቶች ቢታዘቡኝ ይቅርታቸውን እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ትልቋ ሴት በሁለቱም ሥራ ይበልጣሉ። ልጂቱ «እትዬ፣ እርስዎ ሁሉን ከእኔ አብልጠው እየቻሉ እኔ ምን ይዤ ነው ከእርስዎ ጋር የምለዋወጠው?» ብትላቸው የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው።

መልሱ የሚገኘው ማን ይፈጥናል ብሎ በመጠየቅ ሳይሆን፣ አንዱን ለማግኘት እያንዳንዳቸው ከሌላው ምን ያህል ይተዋሉ ብሎ በመጠየቅ ነው። ትልቋ ሴት አንድ ኪሎ በርበሬ ለማድረስ የሚፈጅባቸው ጊዜ 10 እንጀራ የሚጋገርበት ጊዜ ነው። ልጂቱን ግን አንድ ኪሎ በርበሬ 20 እንጀራ ያስቀርባታል። ስለዚህ በርበሬ በትልቋ እጅ ርካሽ ነው። ወደ እንጀራው ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። 20 እንጀራ ለመጋገር ትልቋ 2 ኪሎ በርበሬ ይተዋሉ፤ ልጂቱ የምትተወው ግን 1 ኪሎ ብቻ ነው። በእጅ ፍጥነት ተበልጣ ሳለች፣ እንጀራን በርካሽ የምታወጣው እርሷ ሆነች ማለት ነው። የኤኮኖሚ ሊቃውንት የፊተኛውን፣ ማለት የእጁን ፍጥነት፣ ፍጹም ብልጫ ይሉታል፤ የኋለኛውን፣ ማለት የሚተወውን ነገር ማነስ፣ አንጻራዊ ብልጫ ይሉታል። ንግድን የሚመራው የኋለኛው ነው።

አሁን ሒሳቡን እንጨርስ። ሁለቱም ቀኑን እኩል ከፍለው ለየራሳቸው ቢሠሩ፣ ትልቋ 60 እንጀራና 6 ኪሎ በርበሬ፣ ልጂቱ 40 እንጀራና 2 ኪሎ በርበሬ ያገኛሉ፤ በጠቅላላው 100 እንጀራና 8 ኪሎ በርበሬ ይሆናል። ተስማምተው ልጂቱ ቀኑን ሙሉ ብትጋግር፣ ትልቋም ከቀኑ ሩቡን ብቻ ጋግረው የቀረውን ለበርበሬ ቢያውሉትስ? ልጂቱ 80፣ ትልቋ 30 እንጀራ ያወጣሉ፤ በርበሬውም 9 ኪሎ ይደርሳል። ሲደመር 110 እንጀራና 9 ኪሎ በርበሬ ነው! ማንም ከትናንት ይልቅ አልፈጠነም፤ አዲስ ምጣድም አልተገዛም፤ ነገር ግን 10 እንጀራና 1 ኪሎ በርበሬ ትርፍ ተገኘ። ከዚያም ኪሎውን በ15 እንጀራ ዋጋ ተስማምተው ልጂቱ 30 እንጀራ ሰጥታ 2 ኪሎ በርበሬ ብትቀበል፣ ለቤቷ 50 እንጀራና 2 ኪሎ በርበሬ ይቀርላታል፤ ለትልቋም 60 እንጀራና 7 ኪሎ በርበሬ ይሆንላቸዋል። ከፊተኛው ኑሯቸው ጋር ስናስተያየው ሁለቱም ጨመሩ እንጂ አንዳቸውም አልጎደሉም።

ይህን ነገር በመጽሐፍ አስፍሮ ለዓለም ያሳወቀው ዴቪድ ሪካርዶ የተባለ የለንደን ሰው ነው። በአክሲዮን ንግድ ከበለጸገ በኋላ ወደ ጥናት ዞረ፤ በመጨረሻም የፓርላማ አባል ሆነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ባሳተመው መጽሐፉ ምሳሌ ያደረገው እንግሊዝንና ፖርቱጋልን ነው። በምሳሌው ፖርቱጋል የተወሰነ ወይን ጠጅ ለመጥመቅ የ80 ሰዎች የዓመት ድካም፣ የተወሰነ ጨርቅ ለመሥራት የ90 ሰዎች ድካም ይበቃታል። እንግሊዝ ግን ለዚያው ወይን ጠጅ 120፣ ለዚያው ጨርቅ 100 ሰው ያስፈልጋታል። ፖርቱጋል በሁለቱም በላጭ ናት፤ ሆኖም ወይን ጠጁን ብቻ ጠምቃ ጨርቁን ከእንግሊዝ ብትገዛ በ80 ሰው ድካም የ90 ሰው ሥራ ታገኛለች፤ እንግሊዝም በ100 ሰው ድካም የ120 ሰው ሥራ ታገኛለች። የካዛንቺሷ ልጅ ለትልቋ ሴት እንደ ሆነችው፣ እንግሊዝም ለፖርቱጋል እንዲሁ ናት።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። ስታኒስላቭ ኡላም የተባለው የሒሳብ ሊቅ ለኤኮኖሚ ሊቁ ለፖል ሳሙኤልሰን «በማኅበራዊ ዕውቀት ሁሉ ውስጥ እውነትም የሆነ፣ ተራ ነገርም ያልሆነ አንድ ሐሳብ አምጣልኝ» ብሎት እንደ ነበር ይነገራል። ሳሙኤልሰን ወዲያው መልስ አላገኘም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን መልሱ የአንጻራዊ ብልጫ ሐሳብ መሆን ነበረበት አለ። እውነት መሆኑን የሒሳብ ሰው ፊት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተራ አለመሆኑን ግን ተብራርቶላቸው እንኳ ሊቀበሉት ያልቻሉት ብዙ ዐዋቂ ሰዎች ይመሰክራሉ ሲል ነው። እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዱ ሆኜ ብዙ ዓመት እንደ ቆየሁ ብናገር አላፍርም።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ አገራችን ጉዳይ ስንገባ አነጋገራችን ሁሉ ይለወጣል። ስለ ስንዴ የሚደረገውን ክርክር ተመልከቱ። በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ ስንዴ ይመረታል። «በአገራችን ስንዴ ማብቀል እንችላለንን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከመስኩ ላይ ያገኛል፤ እንችላለን። ዳሩ ግን ያ መሬትና ያ ውኃ ጥጥም ማብቀል ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «አንድ ኩንታል ስንዴ ለማግኘት ስንት ኪሎ ጥጥ እንተዋለን? የተውነው ጥጥስ ቢሸጥ ስንት ኩንታል ስንዴ ይገዛ ነበር?» የሚለው መሆን አለበት። ይህ ጥያቄ ስንዴ አይዘራ ማለት አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩስያ ዩክሬንን ወርራ የጥቁር ባሕር ወደቦች ሲታወኩ፣ እህሉን ከሩቅ የሚገዛ አገር ምን እንደሚደርስበት ዓለም ሁሉ አይቷል። በሪካርዶ ሒሳብ ውስጥ የወደብ መዘጋት የለም፤ በኑሮ ግን አለ። ስለዚህ ከዓለም ዋጋ በላይ አውጥቶም ቢሆን ስንዴን በአገር ማምረት እንደ መድን ሊቆጠር ይችላል። መድን የገባ ሰው ግን በየዓመቱ አረቦን ይከፍላል፤ የእኛም አረቦን ስንት ጥጥ እንደ ሆነ በመዝገቡ ላይ ሊጻፍ ይገባዋል ባይ ነኝ።

እንደዚሁም በአንድ ሥራ ላይ ያተኮረ አገር በሌላው በር እንደሚታመን መርሳት አይገባም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዚያ ከተሰፋው ልብስ ብዙው በአጎዋ ሕግ አማካይነት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ታስቦ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከዚያ ሕግ ተጠቃሚነት ሰረዘች። የሰፊዎቹ እጅ በዚያ ቀን ከቀድሞው አልዘገየም፤ በሩ ግን ተዘጋ።

ወደ ሁለቱ ሴቶች ልመለስ፤ ከምሳሌው ሳልነካው ያለፍኩት አንድ ነገር አለና። አንዱ ኪሎ በርበሬ በ15 እንጀራ ተለወጠ ብያለሁ። ለምን 15 ሆነ? ዋጋው ከ10 ቢያንስ ትልቋ አይስማሙም፤ ከ20 ቢበልጥ ልጂቱ ራሷ ትደልዛለች። ከ10 እስከ 20 ያለው ሜዳ ግን ሁሉ የስምምነት ሜዳ ነው። ኪሎው በ19 ቢሆን፣ ልጂቱ 38 እንጀራ ሰጥታ ለራሷ 42 ይቀራታል፤ ለብቻዋ ስትሠራ ከነበራት 40 በሁለት በለጠች። ስለዚህ ንግዱ አልጎዳትም፤ ነገር ግን ከትርፉ እጅግ የሚበዛው ወደየትኛው ቤት እንደ ገባ ግልጽ ነው። የሪካርዶ ትምህርት የሜዳውን ድንበር ያሳያል እንጂ ዋጋው በሜዳው ውስጥ የት ላይ እንደሚቆም አይናገርም። ይህን የሚወስነው ብርታት፣ ዕውቀት፣ መታገሥ መቻልና ሌላ ገዢ ማግኘት ነው።

የቡናችን ታሪክ ከዚህ ሜዳ ውስጥ የወጣ አይደለም። ቡና በወይና ደጋ አፈራችን ያለ ብዙ ወጪ የሚበቅል፣ ዘሩም ከእኛው ምድር የወጣ ስለ ሆነ፣ አንጻራዊ ብልጫችን እርሱ ላይ እንደ ሆነ ማንም አይክድም፤ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ከ2 ቢልዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። የዋጋው ነገር ግን ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 አምራችና ገዢ አገሮች በዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ተዋውለው፣ ዋጋ እንዳይወድቅ ለየአገሩ የሽያጭ ድርሻ ይመደብ ነበር። በ1989 የድርሻው ሥርዐት ፈረሰ፤ ዋጋውም ወደ ግማሽ ያህል ወደቀ። ከዚያ በኋላ በ2001 አካባቢ ዋጋው እጅግ ሲረክስ፣ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ገበሬው ሪካርዶን አላነበበም፤ ነገር ግን አንድ ጥማድ መሬት ለቡና ሲተው ምን ያህል ጫት እንደሚቀርበት ከእኛ ይልቅ አጣርቶ ያውቃል። በድርጊቱ ልናዝን እንችል ይሆናል፤ ሒሳቡን ተሳስቷል ማለት ግን አንችልም።

ዋጋውን በሜዳው ውስጥ ወደ እኛ ለመሳብ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ ለመንግሥት ሠራተኞች ልዩ ደስታ ሊሰጥ የሚገባው ነው፤ የተሠራው በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነውና። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የሚሉት ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክቶች ሆነው በአሜሪካ እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋርም ክርክር ተነሣ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ግን በስምምነት አለቀ። አንድ ፍሬ ቡና አልተጨመረም፤ አንድ ችግኝም አልተተከለም፤ የተደረገው ገዢው ዋጋ የሚከፍልበት ስም የማን እንደ ሆነ ማሳወቅ ነበር። የአንድ ደብዳቤ ኃይል እስከዚህ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ስለ ርቀት ልናገር። በምሳሌዬ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ ስለ ኖሩ ልጂቱ እንጀራዋን በሰፌድ ተሸክማ ጥቂት እርምጃ ብትሄድ ይበቃት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል፤ ሌሎቹም በየአቅጣጫው ተበትነዋል። አንዷ ገላን ጉራ፣ ሌላዋ ሌላ ዳርቻ ደረሰች እንበል። በቀን ውስጥ የሚገኘው ትርፍ 10 እንጀራና 1 ኪሎ በርበሬ ነው። የደርሶ መልስ የታክሲው ዋጋና በመንገድ ላይ የሚባክነው ጊዜ ከዚህ ከበለጠ፣ ንግዱ በዚያው ቀን ይሞታል። ሁለቱም ባለሞያነታቸው እንዳለ ነው፤ ልዩነታቸውም እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ልጂቱ እንደገና በርበሬ ትደልዛለች፤ ትልቋም ቀኑን እኩል ከፍለው ይጋግራሉ። መንደር ሲፈርስ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም የሚባለው በኤኮኖሚ ቋንቋም እውነት ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ኪሣራ በካሣ ስሌት ውስጥ ሲገባ አላየሁም።

አባቶቻችን ርቀት ምን ያህል እንደሚበላ ያውቁ ነበር። የአፋር ቆላ የጨው ሜዳ አሞሌ እየተቆረጠ በግመል ወደ ደጋ ይወጣ ነበር፤ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድና በጎጃም በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ በመጣ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይለወጥ ነበር። አሞሌው በመንገድ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ በላዩ የተጫነው የግመልና የበቅሎ ኪራይ፣ የኬላም ቀረጥ ነው። ስለዚህም በዚያ ዘመን ረጅሙን መንገድ ሊሄድ የሚችለው ዋጋው ከባድ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ ዕቃ ብቻ ነበር። እህል በአንድ አውራጃ ተርፎ በሌላው ረኃብ ሲገባ የተረፈው ወደ ጎደለው የማይደርስበት ምክንያት አንዱ ይህ ነበር።

ከካዛንቺስ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በቂርቆስ፣ ለገሃር አለ። ስሙ እንደ ካዛንቺስ ሁሉ ባዕድ ነው፤ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን ላ ጋር ይሉታል። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በሲራራ ንግድ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ወደ ጥቂት ቀን ወረደ። ሐዲዱ አንድ ፍሬ ቡና አላበቀለም፤ ነገር ግን ቀድሞ የበቅሎው ኪራይ ይበላው የነበረውን ትርፍ አተረፈ። ዛሬ ወደ ለገሃር ባቡር አይገባም፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ዳርቻ ይነሣል፤ የውጭ ንግዳችንም አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው የሚያልፈው።

ከለገሃር ወደ ላይ ሲሉ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነ። በዚያ ቤትና በዙሪያው ስለ አፍሪካ አገሮች የእርስ በርስ ንግድ ስንት ንግግር እንደ ተደረገ የሚቆጥር ቢገኝ ይገርመው ነበር። ኢትዮጵያ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትን በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ፈርማለች። ሆኖም የአፍሪካ አገሮች ለዓለም ከሚሸጡት ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚሸጡት ከመቶ 20 እጅ እንኳ አይሞላም። «ሁላችንም ጥሬ ዕቃ ስለምናመርት የምንለዋወጠው የለንም» የሚለው ምክንያት ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ልጂቱና ትልቋ ሴት ሁለቱም እንጀራና በርበሬ ብቻ ነበር የሚሠሩት፤ ያም ሆኖ የሚለዋወጡት አላጡም። ከዚያ ይልቅ የጎረቤታሞችን ንግድ የሚያደክመው መንገዱ፣ ኬላው፣ የሚጠየቀው ወረቀት ብዛትና በድንበር ላይ የሚቆም የጭነት መኪና ቀን መቁጠሩ ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት የተፈጠሩ ስለ ሆነ በመሥሪያ ቤት ሊወገዱ ይችላሉ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። በግቢው ውስጥ ሥራዋን የለወጠችው ሴት ራሷ ትርፉን ትበላለች። በአገር ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ሥራውን ያጣል፣ ሌላው ትርፉን ያገኛል፤ ሁለቱም አይተዋወቁም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቻይና ጫማ በአዲስ አበባ ገበያ በብዛት ሲገባ በመርካቶና በዙሪያዋ የነበሩት ጫማ ሰፊዎች የደረሰባቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የመጣው ጫማ በዋጋው ርካሽ፣ በመልኩም ያማረ ነበር። ከካዛንቺስ ወርዶ ለልጆቹ ጫማ የሚገዛው ሠራተኛ ደስ አለው። ከአንድ ጥንድ ጫማ ያተረፈው ጥቂት ብር ነው፤ እንደ እርሱ ያለ ገዢ ግን ብዙ ሺሕ ስለ ሆነ ትርፉ ቢደመር ታላቅ ገንዘብ ይሆናል። ጉዳቱ ግን በጥቂት ቤቶች ላይ ነው የወደቀው፤ የወደቀባቸውም ሱቃቸውን ዘጉ፣ የቀጠሯቸውንም ልጆች አሰናበቱ። ያተረፈው ማትረፉን እንኳ ሳያውቅ ቀረ፤ የተጎዳው ግን የተጎዳበትን ቀን ከነሰዓቱ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሁለቱም የክርክር ወገኖች የማይመች ነው። የአዲስ አበባ ሰው የመጣው ጫማ ለክረምት ጭቃ እንደማይበረታ ቀስ በቀስ ተረዳ። ከጫማ ሰፊዎቹም የቀሩት አዲሱን ቅርጽ ተማሩ፣ ሶላቸውን አሻሻሉ፣ ከእውነተኛ ቆዳ የተሠራ የሚቆይ ጫማ ይዘው ተመለሱ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከገበያው ብዙውን መልሰው ያዙ፤ አንዳንዱም ጫማውን እስከ ኢጣሊያ ላከ። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ይማሩ ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ። ከዚህም ሌላ ብልጫ ከሰማይ የተሰጠ ሳይሆን በሥራ የሚለወጥ ነገር እንደ ሆነ ከዚህ እናያለን። ሪካርዶ በምሳሌው ፖርቱጋልን በወይን ጠጅ፣ እንግሊዝን በጨርቅ ትቷቸዋል፤ ጨርቁ ግን ከኋላው ማሽንን፣ የብረት ሥራንና መሐንዲስን አስከትሎ መጣ፤ ወይን ጠጁ እንዲህ ያለ ልጅ አልወለደም። ስለዚህ አንድ አገር ዛሬ የሚረክስለትን ሥራ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ምን የሚያስተምረውን ሥራ እንደሚይዝ ቢጠይቅ ሪካርዶን መካድ አይሆንበትም።

ነገር ግን ከመርካቶ ከወጡት ጫማ ሰፊዎች ሁሉም አልተመለሱም። አዲሱን ቅርጽ ለመማር ሁለትና ሦስት ዓመት ያስፈልግ ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ሰው መብላት፣ የቤት ኪራይ መክፈል፣ ልጅ ማስተማር አለበት። ሒሳቡ እንደሚያሳየን ያተረፉት ሰዎች ትርፍ የከሠሩትን ለመካስ ይበቃል፤ 10 እንጀራና 1 ኪሎ በርበሬ በግቢው ውስጥ አለ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያደርሰው ግን ንግዱ ራሱ አይደለም። ቀረጥ ይነሣ ወይም ይቀነስ የሚለው ሰነድ ሲረቀቅ፣ በዚያው ሰነድ ውስጥ የሚጎዱት ስንት እንደ ሆኑ፣ የት እንዳሉ፣ ለስንት ጊዜ ምን እንደሚደረግላቸው የሚናገር አንድ አንቀጽ ከገባ ይደርሳል፤ ካልገባ አይደርስም። በዚያን ጊዜ ሱቁን ለዘጋው ሰው የደረሱለት ዘመዱ፣ ዕድሩና ዕቁቡ ነበሩ።